ወደ እኔ፣ ወደ አንተ

ታደለ በቢቸናና በሞጣ መካከል ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ ነድቷል። የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ የቆመ አህያ የማን እንደሆነ ሳይቀር ይናገራል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን በድንገት ቁልፉን ለባለንብረቱ መለሰና ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሀብትነሽ ምክንያቱን ስትጠይቀው «ወገቤ ነው» አላት። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። አመነችው።

ወር ሳይሞላ ሌላ ነገር አመጣ። አንድ ሥራውን የጨረሰ የጤና ፕሮጀክት ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አሮጌ ላንድክሩዘር አምቡላንስ ገዛ። ነጭ ቀለሙ ተላልጧል፣ ጎኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል፣ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። ታደለ የበሽተኛውን አልጋ አወጣና ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ በጣውላ ሠራ። ከአልጋው ሥር የእህል ሳጥን፣ የኋላው በር ላይ የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ትንሽ የቡታ ጋዝ ምድጃና ሁለት ጀሪካን ውሃ አስገባ።

«ይሄ ቤት ነው መኪና?» አለች ሀብትነሽ።

«ሁለቱም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ሁሉ ደን አጠገብ አለፍኩ፤ አንድ ቀን አቁሜ አልገባሁበትም። ሹፌር አገር ያልፋል እንጂ አያይም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንሂድ።»

ሀብትነሽ የሳይንስ መምህርት ናት። ስለ ጉሬዛ ለተማሪዎቿ በሥዕል ታስተምራለች እንጂ በቅርብ ያየችው ልጅ ሆና አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ሐሳቡ ደስ አላት። የገረማት ጥድፊያው ነው። «ክረምቱ ይለፍና በአደይ አበባ እንሂድ» ብትለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አይሆንም። ዘንድሮ ነው። በጥር ነው።»

ጥር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ተነሡ። መንገድ ላይ ያየ ሁሉ እጁን ያነሣል፤ አምቡላንስ መስሎት ነው። አንዱ ገበሬ አስቁሞ ወደ ውስጥ አጮለቀና የሽንኩርትና የበርበሬ ሳጥኑን ሲያይ «በሽተኛው ዳነ እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ወርቅ አጠገብ አደሩ። በማግስቱ ከግንደ ወይን በታች አንድ ወንዝ ዳር ወርደው በእግራቸው ሲሄዱ ሀብትነሽ ከዛፍ ላይ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሎ አየችና ክንዱን ያዘችው።

«ጉሬዛ! ያውልህ።»

«የት?»

«እዚያ፣ ከወፍራሙ ቅርንጫፍ በግራ።»

ታደለ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን አንገቱን በሙሉ አዞረ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ ፈለገ። ጉሬዛው እየዘለለ እስኪሄድ ድረስ አላገኘውም። «አየሁት፣ አየሁት» አለ በኋላ። ሀብትነሽ እንዳላየው አውቃለች፤ ለምን እንደዋሸ ግን አላወቀችም። ማታ ጠረጴዛው ላይ ያኖረ መስሎት ብርጭቆውን አየር ላይ ለቀቀው። «እጄ ዝሎ ነው» አለ።

ዶቅማ ማርያም የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ከቀራንዮ አልፎ ወደ ቀኝ በሚገነጠል የአፈር መንገድ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጀርባዋ ያለው ደን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ዶቅማው፣ ወይራው፣ ሾላው ከአባቶች ጀምሮ ሳይነካ የኖረ ነው ተብሎ ይወራለታል። ታደለ ይህን መንገድ ነድቶት አያውቅም። ዋናው መንገድ ላይ እንደ ልቡ ይሄድ የነበረው ሰው እዚህ ሲገባ መሪውን በሁለት እጁ ጨመደደ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። የአገሬው ሰው «አንገቱ» የሚለው ጠባብ ቦታ ላይ፣ በስተግራ አለት በስተቀኝ ገደል ባለበት፣ የግራው መስታወት ከአለቱ ጋር ተላትሞ ተገነጠለ።

«ታደለ! አለቱን አላየኸውም?»

«ገደሉን ስሸሽ ነው። መስታወቱ ድሮም ላልቶ ነበር።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ መስታወት አልሰበረም።

ዶቅማ ማርያም ሲደርሱ አባ ገብረ ኪዳን የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ ተቀበሏቸው። የደኑን ጠባቂ ጠርተውም አስተዋወቋቸው። ጠባቂው ፋንታ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ከዱላ በቀር ምንም አልያዘም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይዟቸው ወደ ደኑ ወረደ።

ከላይ ፀሐዩ እያቃጠለ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ተወጣጥሮ ሰማዩን ሸፍኖታል። ፋንታ ከፊት እየሄደ የድኩላውን ኮቴ፣ ከርከሮው የቆፈረውን አፈር ያሳያቸዋል። ጉሬዛዎቹ ከሩቅ እንደ ወፍጮ ድምፅ ሲያጉረመርሙ ታደለ ተቅበጠበጠ። ፋንታ ለሀብትነሽ የጃርት እሾህ አንሥቶ ሊሰጣት ጎንበስ ሲል ታደለ አልፏቸው በቀጭኗ መንገድ ወደፊት ሄደ። አሥር እርምጃ ያህል ቀደማቸው።

ፋንታ ቀና ሲል ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ሀብትነሽ ያየውን ለማየት ጊዜ ወሰደባት። ከመንገዱ በስተግራ፣ ከታደለ ስምንት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥሩን ዘርግቶ ቆሟል። ከሥሩ መሐል የድኩላ እግር ይታያል። ከድኩላው በላይ ደግሞ ነብር ደረቷን መሬት ላይ ለጥፋ ታደለን ታየዋለች። የምትንቀሳቀሰው የጭራዋ ጫፍ ብቻ ነች።

«ጋሼ» አለ ፋንታ በሹክሹክታ። «ይቁሙ። በግራዎ ነብር አለች። ሳይዞሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይምጡ።»

ታደለ ቆመ። የሰማው ግማሹን ነው። «ምን? በግራ ምን አለ? አይታየኝም» አለ ጮክ ብሎ። አንገቱን አዟዟረ። ከዚያም፣ ሀብትነሽ እስከ ዛሬ ድረስ በሕልሟ የምታየውን ነገር አደረገ። ለማየት ብሎ በግራ በኩል አንድ እርምጃ ወደ ነብሯ ተራመደ።

የነብሯ ድምፅ እንደ መጋዝ ነበር። ፋንታ ዱላውን ይዞ ሮጠ፤ ታደለን በትከሻው ገፍትሮ ጣለውና እሱ በነበረበት ቦታ ቆመ። ነብሯ መጣችበት። ሀብትነሽ ቢጫና ጥቁር ነገር ሲወረወር፣ ዱላው ሲሰበር፣ ፋንታ በጀርባው ሲወድቅ አየች። መጮኋን ያወቀችው በኋላ ጉሮሮዋ ሲያማት ነው። የፈጀው ጊዜ አንድ ሰው አቡነ ዘበሰማያት ጀምሮ ከሚያጋምስበት ያነሰ ነው። ነብሯ ከላዩ ላይ ተፈናጥራ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ገባች፤ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና ጸጥ አለ።

የፋንታ ግራ ክንድ ከትከሻው እስከ መዳፉ ተተልትሏል። ደሙ ይፈሳል አይባልም፣ ይገነፍላል። ሀብትነሽ ነጠላዋን ቀድዳ ከብብቱ ሥር አጥብቃ አሰረችው፤ በቀረው ክንዱን ጠቀለለችው። እሷና ታደለ ደግፈው ዳገቱን አወጡት። ፋንታ መጀመሪያ በእግሩ ሄደ፤ ኋላ ላይ ግን ጉልበቱ ተልፈሰፈሰና ተሸከሙት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ አባ ገብረ ኪዳን ራሳቸውን ያዙ። «ቃሬዛ እናምጣ፣ ሰው እንጥራ» አሉ።

«በቃሬዛ ሞጣ ስንት ሰዓት ነው አባ?» አለች ሀብትነሽ።

«ዋናው መንገድ ለመድረስ ብቻ አራት ሰዓት ነው። ወንዱም ገበያ ወርዷል።»

ጊዜው አሥር ሰዓት ሆኗል። ፋንታ አምቡላንሱ ውስጥ በጣውላው አልጋ ላይ ተኝቶ ከንፈሩ እየነጣ ነው። ታደለ ቁልፉን ይዞ ከመኪናው አጠገብ ቆሟል፤ አይገባም። ሀብትነሽ ወደ እሱ ሄደች።

«ነብሯን አላየሃትም» አለችው።

«አላየኋትም።»

«ፊት ለፊትህ ነበረች!»

«ፊት ለፊቴ አልነበረችም፤ በግራዬ ነበረች።» ድምፁ ተሰበረ። «በግራዬ የለም ሀብትነሽ። በግራዬ ምንም የለም። በቀኜም እየሄደ ነው። በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነኝ፤ መሐሉ ብቻ ነው የቀረኝ። ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ሄጄ ታይቻለሁ። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የሞተው አይመለስም አሉኝ። የሰጡኝን ጠብታ እንዳታዪው መፍቻ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው።»

ልትመታው እጇ ተነሥቶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በገደል ጫፍ ሲያስኬዳት የነበረው ሰው ነው። በግማሽ ዓይን።

«ለምን?» አለችው።

«ሳይጨልምብኝ ማየት ፈልጌ። ካንቺ ጋር።»

ከመኪናው ውስጥ ፋንታ አቃሰተ። ሀብትነሽ እጇን አወረደች። መኪና መንዳት አታውቅም፤ አባም አያውቁም፤ በዚያ አገር ሌላ መኪና የለም። ንዴቷን ዋጥ አደረገችው፤ በኋላ የምታወጣው ነው።

«አባ፣ እርስዎ ከኋላ ይግቡና ክንዱን ተጭነው ይያዙት፤ አይልቀቁት። ታደለ፣ ግባ። እኔ ዓይንህ እሆናለሁ። እኔ ካላልኩህ አትንቀሳቀስም።»

መጀመሪያ «ቀኝ»፣ «ግራ» እያለች ነገረችው። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ ደንግጣ ቀኙን ግራ አለችና ጎማው ቦይ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ታደለ ፍሬን ረግጦ ቆመ።

«ቀኝና ግራ ተዪ» አላት። «ወደ እኔ ወይም ወደ አንቺ በይኝ።»

«እሺ። ወደ እኔ፣ ወደ አንተ።»

እንደዚያ ሄዱ። «ወደ አንተ... ትንሽ... በቃ ቀጥ አድርግ። ድንጋይ አለ፣ ወደ እኔ። ቀስ። ቀስ!» ከኋላ አባ ገብረ ኪዳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። መሐል መሐል ላይ አቋርጠው «ተናገር ልጄ፣ አትተኛ» ይላሉ፤ ፋንታም «አለሁ» ይላል። እያንዳንዱ «አለሁ» ካለፈው ይደክማል።

አንገቱ ደረሱ።

ሲመጡ ገደሉ በሀብትነሽ በኩል ነበር። አሁን ሲመለሱ በታደለ በኩል ሆነ፤ ምንም በማያይበት በግራው። ሀብትነሽ ካለችበት ወንበር የሚታያት አለቱ እንጂ የመንገዱ ጠርዝ አይደለም። ወደ አለቱ ተጠጋ እንዳትለው ቦታ ቦታ ትልልቅ የናዳ ድንጋይ ተቆልሎበታል፤ መሐል ለመሐል በእጅ ስፋት ማለፍ የግድ ነው። ጥልቀቱ ከታች ያሉት ዛፎች እንደ ጎመን እስኪመስሉ ነው።

«አቁም» አለች። በሯን ከፍታ ወረደች።

«የት ትሄጃለሽ?»

«መሐሉ ይታየኛል አላልክም? መሐል ላይ እሆናለሁ። እኔን ብቻ እይ። ገደሉን አትፈልግ፣ አለቱን አትፈልግ። እኔን።»

ከመኪናው ፊት ሄዳ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ከዚያም ሁለት እጇን ዘርግታ የኋሊት መራመድ ጀመረች። ቀኝ እጇን ስታጥፍ መሪውን ወደዚያ ያዞራል፤ ግራዋን ስታጥፍ ወደዚህ። መኪናው እንደ ኤሊ ተከተላት። ለታደለ በዚያች ጠባብ የብርሃን ቀዳዳ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፦ አቧራ የለበሰ ፊቷ፣ በደም የረጠበ ቀሚሷ፣ የተዘረጉት እጆቿ። ከእሷ ውጭ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። የፊቱ የግራ ጎማ ከጠርዙ ጠጠር ሲያንከባልል ሰማ። ድንጋዩ ከታች እስኪደርስ ቆየ። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«አታቁም!» ብላ ጮኸች። ከጎማው ሥር አፈሩ እየተሸረፈ መሆኑን አይታለች። «ና! ወደ እኔ ና!»

መጣ። የኋላው ጎማ ያለፈበት ቦታ ወዲያው ተናደ። ሀብትነሽ ተረከዟ ድንጋይ መታትና በቂጧ ወደቀች፤ መኪናው ከእግሯ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመ። ተነሥታ ዞር ስትል መንገዱ ሰፍቷል። ወንበሯ ላይ ወጣች። ከኋላ አባ «ፋንታ» አሉ። መልስ የለም። «ፋንታ!» አሉ ደግመው።

ቆይቶ «አለሁ» አለ።

ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። ገበያተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ከብቱም የሚገባበት ሰዓት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ቁልቁል ወርዳለች። ታደለ መንገዱን በልቡ ያውቀዋል፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሰው ግን አያውቀውም። ሀብትነሽ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። «አህዮች፣ ወደ አንተ። አለፉ። ሴትዮ ልትሻገር ነው፣ ቁም! እሺ ሂድ። በሬ፣ ወደ እኔ። ክላክስ ንፋ፣ ንፋ!» ብዙ ሰው አምቡላንስ መሆኑን አይቶ ከሩቅ መንገድ ለቀቀላቸው። ማንም ሹፌሩ እንደማያይ አላወቀም።

ሞጣ የደረሱት አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ሰውና ግድግዳ መለየት ሲያስቸግር ነው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሠራተኞቹ ሮጠው መጥተው ፋንታን አወረዱት። አባ ገብረ ኪዳን እጃቸውን ከቁስሉ ላይ ሲያነሡ ጣቶቻቸው ደርቀው አልዘረጋ አሏቸው። ታደለ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለና ሀብትነሽ ጭን ላይ አኖረው። ከዚያ በኋላ መሪ ይዞ አያውቅም።

ፋንታ ተረፈ። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግራችሁ» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ መናገር ሲጀምር ታደለ አልጋው አጠገብ ቆመ። ሀብትነሽ ንገረው አላለችውም። ራሱ ጀመረ።

«ፋንታ፣ ያን ቀን ነብሯን ያላየኋት ተዘናግቼ አይደለም። ዓይኔ ነው። ከጎን ያለ ነገር አይታየኝም። አውቄው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ፋንታ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። «ነግረውኝ ቢሆን እጅዎን ይዤ ነበር የምሄደው።» ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባልና ሚስቱ ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳይወጡ ዘጠኝ ቀን አደሩ። ለደን የተሠራው አልጋ በደም ስለተበላሸ ሀብትነሽ ጣውላውን በኦሞ አጥባ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። ጠዋትና ማታ ለፋንታ አጥሚት ትሠራለች፤ ታደለ ያደርስለታል። ፋንታ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ሌላ አይናገርም። ሀብትነሽም ለባሏ ከ«ብላ» እና «ተኛ» በቀር ቃል አልነበራትም። አንድ ማታ ብቻ ጠብታውን ከመፍቻ ሳጥኑ አውጥታ ዓይኑ ላይ ስታንጠባጥብለት «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» አለችው። «ሰምቻለሁ» አለ። «መድኃኒቱን የፈራሁት ግን አይደለም። ቁልፉን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው።» «እወስድብህ ነበር» አለች። «አዎ» አለ።

ሌላ ሹፌር ፈልገው ቢቸና ተመለሱ። በመጋቢት ባሕር ዳር አብረው ሄዱ፤ ሐኪሙን የጠየቀችው ሀብትነሽ ናት። የቀረው ዓይን በጠብታና በክትትል ሊቆይ ይችላል ተባለ። የሀብትነሽ ኩርፊያ ግን ሁዳዴን ሙሉ ቆየ።

ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ያላሰቡት ሰው በር አንኳኳ። ፋንታ ነበር። ግራ እጁን በነጠላው ሸፍኗል፤ ሁለቱ ጣቶች እንቢ ብለው እንደቀሩ በኋላ አሳያቸው። በቀኙ አንድ ቅል ማር ይዟል። ታደለ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይቅር ብያለሁ ልል አልመጣሁም ጋሼ» አለ ፋንታ ሳይቀመጥ። «እሱ ገና ነው። እንዴት እንደሆኑ ልጠይቅ ነው። ዓይንዎን።»

«እንደዚያው ነው። አልባሰም።»

«እግዜር ይመስገን።»

ሀብትነሽ አስቀመጠችው፤ ዶሮ ወጡን አቀረበች። እጃቸውን ታጥበው ጥቂት ከጎረሱ በኋላ ታደለ ሊጠይቅ የፈራውን ጠየቀ።

«ነብሯስ?»

«አለች። ገበሬው ተሰብስቦ በሥጋ ላይ መርዝ ሊያኖርላት ነበር። ሁለት ፍየል ወሰደችባቸው፣ እኔንም እንዲህ አደረገችኝ፤ አይፈረድባቸውም። አባ ገብረ ኪዳን ዛፍ ሥር ሰበሰቧቸው። እኔም ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ ደረስኩ። የተቧጨርኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር አልኳቸው። ምግቧ ላይ ነው የሄድንባት፤ እኛ ነን ቤቷ የገባነው አልኩ። ፍየሉን ወደ ሸለቆው እንዳያወርዱ ተስማማን። አንዳንዱ አሁንም ተቀይሞኛል።»

ታደለ መጉረሱን ተወ። «አንተ እንደዚያ አልክ?» አለ።

«ታዲያ ምን ልበል? ደን ጠባቂ ነኝ እኮ።»

«ከዚያ ወዲህ አይተሃታል?»

«ሁለት ጊዜ» አለ ፋንታ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቱ ፈታ አለ። «አንዱ ሚያዝያ ሲገባ ነው። ማለዳ ከወንዙ ማዶ፣ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ...»

ሀብትነሽ ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ማዳመጥ ጀመረች።